የፍራፍሬ አይስክሬም ማሽን ሪቪው፦ ለበጋ ፍሬ ይገዛል ወይስ ብሌንደሩ ይበቃል?

ይሄን ማሽን ልግዛ ወይስ አልግዛ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። የማወራው በረዶ የሰራ ፍራፍሬ ከላይ ሲከቱበት ከታች ለስላሳ አይስክሬም የሚመስል ነገር ስለሚያወጣው ትንሽዬ የኩሽና ማሽን ነው። ስኳር የለ፣ ክሬም የለ፣ የገባው ፍሬ ብቻ ነው የሚወጣው። የብራንድ ስም አልጠራም ምክንያቱም ብዙ ድርጅቶች ያንኑ ነገር ነው የሚሰሩት፣ ቀለሙና ቅርጹ ይለያያል እንጂ ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት ያው ነው፣ ስለዚ እዚ የምጽፈው ለአብዛኞቹ ይሰራል።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ማሽኑን ወድጄዋለሁ፣ ሙቀት ሲመጣና ፍራፍሬ ሲደርስ እኛ ቤት ከጠረጴዛ ላይ አይነሳም፣ ልጆቹም ትልልቆቹም እኩል ነው የሚሻሙበት። ግን ዲዘርቱን የሚያጣፍጠው የፍሬው መብሰልና ፍሪዝ የተደረገበት መንገድ ነው፣ ማሽኑ መጨረሻ ላይ መጥቶ ቅርጽ ያስይዘዋል በቃ። ይሄን ሳያውቁ የሚገዙት ናቸው ትንሽ ሞክረውት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከቱት፣ ያሳዝነኛል በጣም፣ ምክንያቱም አያያዙን ካወቁት እንደዚ ቀላልና ጤናማ የሆነ ጣፋጭ ነገር ብዙ የለም።

አሰራሩ ቀላል ነው። ከላይ ማስገቢያ ቱቦ አለው፣ በእጅ የሚገፋ መግፊያ አለው፣ ከውስጥ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ያለው ሾጣጣ ነገር በሞተር ይሽከረከራል። ፍሬውን ወደታች ስትገፉት ጥርሱ ይፍቀዋል፣ ከግድግዳው ጋር እየጨፈለቀ ያልመዋል፣ ከዛ በጠባቧ አፍ በኩል ተጠቅልሎ ይወርዳል። የኔው 200 ዋት ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን ለዚ ስራ ይበቃዋል። ከብሌንደር የሚለየው ዋናው ነገር ፈሳሽ አለመፈለጉ ነው። ብሌንደር ላይ ምላጩ ከስር ስለሆነ የጠጠረ ፍሬ ስትከቱበት ትንሽ ይፈጭና ከምላጩ ዙሪያ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፣ ከዛ በባዶው ይሽከረከራል፣ ስለዚ ግድ ወተት ወይ ጁስ ወይ ውሃ መጨመር አለባችሁ፣ ፈሳሽ ሲጨመር ደግሞ በማንኪያ የሚበላው ነገር በስትሮ የሚጠጣ ይሆናል። ይሄኛው ግን ደረቁን ነው የሚፈጨው፣ የሚወጣውም ወፍራም ነው፣ ማንኪያ ይይዛል።

አሁን ወደ ሙዝ ልምጣ፣ ምክንያቱም የዚ ማሽን ሚስጥሩ ያለው እዛ ነው። ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ሙዝ ይሞክር፣ እንጆሪ ወይ ሐብሐብ ብሎ አይጀምር። ሙዝ ውስጥ ውሃው 75 ከመቶ አካባቢ ነው፣ እንጆሪና ሐብሐብ ግን 91 ከመቶ ገደማ ውሃ ናቸው፣ ይሄ ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ውሃ የበዛበት ፍሬ በረዶው ይበዛል፣ ሲፈጭም እንደ ተፈጨ በረዶ ይሆናል። ሙዝ ግን በአንድ በኩል ስኳሩ 100 ግራም ላይ 12 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ስኳር ደግሞ ውሃ የሚጠጥርበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶም ሙሉ በሙሉ ድንጋይ አይሆንም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ፔክቲን የሚባል ፋይበር አለው፣ ማርማላታን የሚያረጋው እሱ ነው፣ ይሄ ነገር ውሃውን ይዞ ክሬም የገባበት እስኪመስል ድረስ ያለሰልሰዋል። ወተት ጠብ ሳይልበት። መጀመሪያ የቀመሰው ሰው ሁሉ ምን ጨመራችሁበት ነው የሚለው።

ግን ሙዙ መብሰል አለበት፣ ይሄን ደጋግሜ እናገራለሁ። ቢጫ ሆኖ አምሮበት የተቀመጠውን ሳይሆን ቡናማ ነጠብጣብ የጀመረውን ነው የምትፈልጉት፣ ምክንያቱም ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ያልበሰለ ሙዝ ፍሪዝ ብታደርጉት የሚወጣው ነገር አፍ ላይ የሚጎለድፍና ጣዕም የሌለው ነው። ደግሞ ሳትልጡ ፍሪዘር እንዳትከቱ፣ ከነልጣጩ ከጠጠረ በኋላ መላጥ ስቃይ ነው፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ልጡና ሁለት ጣት በሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

ስለ መብሰል ካነሳሁ አይቀር አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልናገር። ፍራፍሬ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ አቮካዶ የመሳሰሉት ከዛፍ ላይ ወርደውም መብሰላቸውን ይቀጥላሉ፣ ጠንከር ያለ ማንጎ ገዝታችሁ ከሙዝ ጋር ከረጢት ውስጥ ብታስቀምጡት ሙዙ የሚያወጣው ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያፈጥንለታል። እንጆሪ፣ ቼሪ፣ ወይን፣ አናናስና ሐብሐብ ግን የተቆረጡ ቀን የነበራቸው ስኳር ያው ነው፣ ቤት አስቀምጣችሁ ቢለሰልሱ እንኳን ጣፋጭነት አይጨምሩም። ስለዚ እንጆሪ ስትገዙ አንገቱ ላይ ነጭ የሆነውን ነገ ይጣፍጣል ብላችሁ አትውሰዱ። እስከ አንገቱ የቀላውንና ሽታው ከሩቅ የሚጣራውን ነው መውሰድ ያለባችሁ።

ይሄን ያህል ስለ መብሰል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዝቃዜ የምላሳችንን ጣፋጭ የመለየት አቅም ይቀንሳል። የቀለጠ አይስክሬም ቀምሳችሁ ከሆነ ምን ያህል ከመጠን በላይ እንደሚጣፍጥ ታውቃላችሁ፣ ፋብሪካዎቹ ስኳሩን የሚያበዙት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ስለሚደበቅ። እኛ ደግሞ ስኳር አንጨምርም ብለናል፣ ስለዚ ፍሬው ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ስትቀምሱት መካከለኛ ጣፋጭ ከሆነ ከፍሪዘር ወጥቶ ምንም አይሆንም። በጣም ጣፋጭ የሆነው ነው ከበረደ በኋላ ልክ የሚመጣው። ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ ሳትቀምሱ ፍሪዝ አታድርጉ።

ፍሪዝ አደራረጉ ላይም ትንሽ ልቆይ። ፍሬውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፣ ውሃ የቀረበት ፍሬ ዙሪያውን በረዶ ይለብሳል። መታጠቡ ደግሞ ከመጠጠሩ በፊት መሆን አለበት ምክንያቱም ፍሪዘር ጀርም አይገልም፣ እንዳይራባ ያቆመዋል እንጂ፣ ሲቀልጥ እንደገና ይነሳል። ከዛ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ቁርጥራጮቹ ሳይነካኩ በአንድ ረድፍ ደርድሩ፣ ሲጠጥሩ ወደ ዚፕ ላስቲክ ገልብጣችሁ አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉ። ይሄ ለምን አስፈለገ ብትሉ አንደኛ እርስ በርስ አይጣበቁም፣ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ የተጣበቀ ፍሬ አይገባለትም፣ ሁለተኛ ተበታትኖ የተቀመጠ ፍሬ ቶሎ ይጠጥራል፣ ቶሎ የጠጠረ ደግሞ የበረዶው ቅንጣት ትንንሽ ነው። አንድ ኪሎ ማንጎ በአንድ ላስቲክ አጭቃችሁ ብትከቱት መሀሉ ቀስ እያለ ነው የሚጠጥረው፣ ቅንጣቱ ትልልቅ ይሆናል፣ የፍሬውን ሴሎች ይበሳሳቸዋል፣ ሲወጣም ውሃ ይለቃል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን፣ ማታ ካስቀመጣችሁ ለነገው ይደርሳል። ኮክና ሙዝ ላይ ትንሽ ሎሚ ብታርከፈክፉ አይጠቁሩም፣ አየር ሲነካቸው የሚያጠቁራቸውን ኢንዛይም አሲዱ ያዳክመዋል፣ ጣዕሙንም ያነቃዋል።

ከፍሪዘር እንደወጣ ወዲያው ማሽኑ ውስጥ አትክተቱ። ይሄ ሰዎች በጣም የሚያማርሩበት ነገር ነው፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚወጣው ደረቅ ፍርፋሪ ነው ይላሉ። ፍሬው በጣም ስለጠጠረ ነው። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ውጪ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጤዛ ሲይዝና ጣት ሲጫኑት ጫፉ ትንሽ ሲሰጥ ያኔ ነው። ከዛ በላይ ከቆየ ደግሞ ጁስ ነው የሚወጣው። ማንጎና ሙዝ ቶሎ ይደርሳሉ፣ እንጆሪ ትንሽ ይዘገያል፣ አናናስም እንደዛው። በእጅ ስትገፉ ቀስ በቀስ፣ አንድ አንድ ቁራጭ እያደረጋችሁ ግፉ፣ ሞተሩ ድምጹ ከከበደ አቁሙ።

አሁን የትኛው ፍሬ ምን ይሆናል የሚለውን ልንገራችሁ። ማንጎ አንደኛ ነው ለኔ፣ ስኳሩ 100 ግራም ላይ 14 ግራም አካባቢ ስለሆነ ምንም ሳይጨመርበት ሐር ሆኖ ይወርዳል፣ ክሩ የበዛው ዓይነት ግን ሾጣጣው ላይ ስለሚጠመጠም ክር የሌለውን ምረጡ። ማንጎ ላይ ከላይ ትንሽ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበትና እዩት። እንጆሪ ብቻውን በረዶ በረዶ ይላል፣ ከሙዝ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን ያንን የሚታወቀውን ሮዝ ቀለም ይሰጣል፣ ሙዙ ያለሰልሳል እንጆሪው ያኮመጥጣል፣ ልጆች በብዛት የሚመርጡት ይሄንን ነው። እንጆሪው ከ100 ግራም ወደ 59 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው፣ ፍሪዝ ሲደረግም አብዛኛው አይጠፋም። ኮክ ደግሞ ሽታው ነው ውበቱ፣ ልጣጩ ጸጉር ስላለው የፈላ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ነክራችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትከቱት በእጅ ይገፈፋል። ኮክን ከቀረፋ ጋር ሞክሩት፣ እኔ ከማንጎ ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው፣ አንዳንድ ቀን እንዲያውም አስቀድመዋለሁ።

ቼሪና ፕሪም ዘራቸው መውጣት አለበት፣ አንድ ዘር ከቀረ የሾጣጣውን ጥርስ ይሰብራል፣ ስለዚ ከመክተታችሁ በፊት እያንዳንዱን በጣታችሁ ዳስሱ። ብሉቤሪ ቀለሙ ደስ ይላል ግን ልጣጩ አይፈጭም ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ እኔን አይረብሸኝም አንዳንድ ሰው ግን አይወደውም። ራስበሪ ዘሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ወይን አሪፍ ነው ግን ለብቻው ፈሳሽ ይሆናል፣ እሱን ከማሽኑ ይልቅ እንዲሁ ፍሪዝ አድርጎ መብላት ይሻላል፣ ለትንንሽ ልጆች ግን ሙሉ ወይን ጉሮሮ ላይ ስለሚቀረቀር በቁመቱ ሰንጥቃችሁ፣ ለስለስ ሲል ነው መስጠት ያለባችሁ።

አናናስ የራሱ ጠባይ አለው። ጣዕሙ ምርጥ ነው፣ ከማንጎ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው፣ ግን ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። ከእርጎ ጋር ፈጭታችሁ ካስቀመጣችሁት እየቆየ ይመራል፣ በጄላቲን ላርጋው ካላችሁም አይረጋም። ፍሪዝ ማድረግ ኢንዛይሙን አያጠፋውም፣ ሙቀት ነው የሚያጠፋው፣ የቆርቆሮ አናናስ ላይ ችግሩ የማይታየው ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሞቅ ነው። ስለዚ ያልሞቀ ጥሬ አናናስና እርጎ ካዋሃዳችሁ ወዲያው ብሉት።

ሐብሐብ ላይ ግን ይሄ ማሽን አይሆንም፣ እቅጩን ልንገራችሁ። የሚወጣው የተፈረከሰ በረዶ ነው፣ ወዲያው ደግሞ ይቀልጣል። ለሐብሐብ ምንም ማሽን አያስፈልግም፣ ዘሩን አውጥታችሁ በብሌንደር ፍጩት፣ ሎሚና ጥቂት የናና ቅጠል ጨምሩበት፣ ዝርግ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ ፍሪዘር ክተቱት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣችሁ በሹካ ጫሩት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ጥሩ ክሪስታል ክሪስታል ያለ ነገር ይሆናል፣ ጣሊያኖቹ ግራኒታ የሚሉት ዓይነት። ለሙቀት ቀን ከዛ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ጤናማ ነው ወይ የሚለውን በደንብ ላውራው ምክንያቱም ሻጮቹ ብዙ ይላሉ። አንድ 100 ግራም የተለመደ የቫኒላ አይስክሬም ወደ 207 ካሎሪ፣ 21 ግራም ስኳርና 11 ግራም ቅባት አለው። ግማሽ ሙዝ ግማሽ እንጆሪ የሆነው 100 ግራም ደግሞ 60 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ስኳሩ 8 ወይ 9 ግራም፣ ቅባቱ ምንም ማለት ይቻላል፣ ላዩ ላይ ሁለት ግራም የሚያልፍ ፋይበር አለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ማንም ሊከራከርበት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር፣ ማር፣ ሲረፕና የፍራፍሬ ጁስ ውስጥ ያለው ስኳር ተደምሮ ከቀን ካሎሪያችን ከ10 ከመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ከ5 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራምና 25 ግራም ማለት ነው። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር እዛ ውስጥ አይቆጠርም።

ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የአሰራር መጽሐፍ። የኔ ማሽን ይዞት የመጣው ግማሹ ማር፣ ሲረፕ፣ ቸኮሌት፣ ብስኩት ጨምሩ ነው የሚለው፣ እንደዛ ከሰራችሁት ወደ አይስክሬሙ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው፣ ማርም ቢሆን ስኳር ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ደግሞ አንድ ዓመት ያልሞላው ህፃን ማር ጭራሽ መቅመስ የለበትም፣ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ የተፈጨ ፍሬ ከተነከሰ ፍሬ ጋር አንድ አይደለም። ፋይበሩ አይጣልም፣ ጁስ ላይ እንደሚሆነው አይጣራም፣ ግን ሴሉ ስለተሰባበረ ስኳሩ ይለቀቃል፣ እንግሊዝ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ለምሳሌ የተፈጨ ፍሬ ስኳርን ከነጻ ስኳር፣ ማለትም ከላይ ገደብ አለው ካልኩት ስኳር ነው የሚቆጥሩት። ደግሞ ሳናኝክ ስለሚወርድ ሦስት ሙዝ በአንድ ሳህን መጨረስ ቀላል ነው፣ ሦስት ሙዝ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ግን ብዙ የለም። ስለዚ ትንሽ ሳህን ያዙ። የስኳር ህመም ያለበት ሰው 100 ግራም ሙዝ 23 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዳለው አውቆ ይቁጠረው፣ እንጆሪና ራስበሪ የበዛበት ይሻለዋል፣ የኩላሊት ችግር ኖሮበት ፖታሲየም ቀንስ የተባለም ሰው ሙዙን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ።

ሌላ ያስተዋልኩት ፍሬ ብቻውን አያጠግብም፣ ትንሽ ቆይቶ ይርባል፣ ፕሮቲንም ቅባትም የለውማ። እኔ ወፍራም እርጎ፣ ውሃው የተጠለለውን፣ በበረዶ መስሪያ ቅርጽ ፍሪዝ አድርጌ ከፍሬው ጋር እያፈራረቅኩ እከተዋለሁ፣ ማሽኑ ያዋህደዋል፣ እንዲህ ሲሆን ክሬሙም ይጨምራል ያጠግባልም። የእርጎው ጥርብ ከፍሬው የበለጠ ስለሚጠነክር ትንሽ ቀደም ብሎ ይውጣ። ወተት የማይስማማው ሰው ከላይ የተፈጨ ኦቾሎኒ ወይ ለውዝ ይነስንስ። ቺያ የምትባለው ጥቃቅን ዘር ያለው ሰው ደግሞ የቀለጠውን ፍሬ ላይ አንድ ማንኪያ ጨምሮ ፍሪጅ ቢያሳድረው፣ ዘሯ ከክብደቷ አስር እጥፍ ገደማ ውሃ ትይዛለች፣ ጠዋት ፑዲንግ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ የተረፈውን ለማዳን ከዚ የተሻለ መንገድ የለም፣ ምክንያቱም የተረፈውን መልሳችሁ ፍሪዘር ከከተታችሁት በነጋታው በማንኪያ አይነካም።

የማልወድለትንም ልንገራችሁ። ጩኸቱ ከባድ ነው፣ ቡና መፍጫ ሲሰራ እንደምትሰሙት ነው፣ ህፃን ተኝቶ አይሞከርም። መታጠቡ ደግሞ ወዲያው መሆን አለበት፣ ሾጣጣውና ቱቦው ይፈታታል፣ ግን ሾጣጣው ስር ያለችው የጎማ ቀለበት ውስጥ ፍሬ ይቀራል፣ ካደረ ይደርቅና በቡርሽ ካልሆነ አይለቅም፣ ሳይታጠብ ከቆየም ይሸታል። ሁልጊዜ ውስጥ የሚቀር ፍሬም አለ፣ መግፊያው እስከ ታች ስለማይደርስ ትንሽ ነገር ሾጣጣው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ለዚ መፍትሔው መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ሙዝ መክተት ነው፣ ፊት ያለውን እየገፋ ያወጣዋል፣ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል፣ እሱን ደግሞ በማንኪያ ጠርጋችሁ ብሉት። ቦታ መያዙም አለ፣ ረጅም ስለሆነ አንዳንድ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አይገባም። ስራው አንድ ብቻ ነው፣ ጁስ አይሰራም፣ ሽንኩርት አይፈጭም፣ ኩሽናው ጠባብ ለሆነ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ማን ይግዛው? ፉድ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መክተፊያና መፍጫ ማሽን ያለው ሰው አይግዛ። እውነቴን ነው፣ ፉድ ፕሮሰሰር ምላጩ ሰፊ ስለሆነ በረዶ የሰራ ሙዝ ያለ ፈሳሽ ይፈጭላችኋል፣ መጀመሪያ ጠጠር ጠጠር ይላል፣ ተስፋ ሳትቆርጡ አቁማችሁ ጎኑን በማንኪያ እያወረዳችሁ ደግማችሁ ስታስነሱት ድንገት ወደ ክሬም ይቀየራል፣ ጣዕሙም ልስላሴውም ከማሽኑ እኩል ነው፣ እንዲያውም እርጎና ለውዝ ለመጨመር ይመቻል። ከላይ መግፊያ ዱላ ያለው ጠንካራ ብሌንደርም ይሰራል። ቤታችሁ ያለው ተራ ብሌንደር ብቻ ከሆነ ፍሬውን ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አለስልሱትና ሁለት ሦስት ማንኪያ እርጎ ጨምሩ፣ ወፈር ያለ ነገር ይወጣል፣ ያንን ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር መልሱት። ምንም ማሽን የሌለውም ሰው ቢሆን የበሰለ ሙዝ በሹካ ጨፍልቆ የተከተፈ እንጆሪና እርጎ ደባልቆ በአይስክሬም እንጨት መስሪያ ቅርጽ ውስጥ ቢከተው ልጆቹን ያስደስታል።

መግዛት ያለበት በየቀኑ ወይ አንድ ቀን እየዘለለ የሚሰራ ቤት ነው፣ በተለይ ልጆች ያሉበት። ፉድ ፕሮሰሰር አውጥቶ አራት ነገር ከማጠብ ይሄኛው ለአንድ ሰው ሳህን እንኳን ቶሎ ይሰራል፣ አንዱ ማንጎ ሌላው እንጆሪ ነው የምፈልገው ካለ ሳይታጠብ በተከታታይ ማውጣት ይቻላል፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ላስቲኮቹ ተዘጋጅተው ካሉ ከተነሳችሁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዲዘርቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ፍሬውን መግፋታቸውም ሌላ ነገር ነው፣ ፕሪም አልበላም የሚል ልጅ በራሱ እጅ ገፍቶ ያወጣውን ፕሪም ሲበላ አይቻለሁ፣ እኔ ለዛ ብቻ ብዬም እገዛው ነበር። እጃቸውን ቱቦ ውስጥ እንዳይከቱ ግን ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይቁም፣ ጥርሱ ስለት አለው።

ስትገዙ ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ማሽኑን ፈትታችሁ እዩ። ሾጣጣው ከነጥርሱ ለብቻው የሚወጣ ይሁን፣ አንዳንዱ ላይ ተያይዞ የተሰራ አለ፣ እሱ አይጸዳም። የጎማ ቀለበቷ መለዋወጫ እንዳላት ጠይቁ፣ ቀድማ የምታረጀው እሷ ናት፣ ስታረጅ ደግሞ ጁሱ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ማስገቢያው ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ጠባብ ከሆነ ማንጎውን በጣም ማድቀቅ ስላለባችሁ ፍሬው ቶሎ ይቀልጣል። የሞተሩ ማቆሚያ ማብሪያ ማጥፊያ በቀላሉ የሚገኝ ቦታ ላይ ይሁን፣ ዋስትናውም ሞተሩን የሚጨምር መሆኑን አንብቡ፣ አንዳንዱ ላይ ሞተር አይመለከትም የሚል በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ።